ሁለተኛው ዓይን

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ሥዕሉን ሊያሥል ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሠዓሊው ሆላንዳዊ ነው፤ በአገሩ ስሙ የተጠራ። አርባ ዓመት ሲሥል ያላየውን ጨምሮም፣ ያየውን ደብቆም አያውቅም። የአንድ ከንቲባ ሚስትን ከነድርብ አገጯ ቢሥላት፣ ባሏ ከከተማው ሊያባርረው ደርሶ ነበር!

ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ ሹም ነው። ሥዕሉ ለንግሥ በዓል በአዳራሹ ሊሰቀል ነው። ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? አስተርጓሚው! አስተርጓሚው ታናሽ ወንድሙ ልሳነወርቅ ነው፤ በአንዲት ባሕር ዛፍ የተነሣ ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው። ልሳነወርቅ ከሠዓሊው አጠገብ ቆመ። ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አምስት ቀን ሙሉ እንደዞረ ተቀመጠ።

በስድስተኛው ቀን ሥዕሉን አሳዩት።

"አንድ ዓይን! ይሁዳ አደረገኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ።

አይፈረድበትም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ምእመኑ ይህን አይቶ ምን ይላል? ሰውየውን ላብ አጠመቀው።

"ሁለተኛው ዓይኔ የት እንደገባ ፈረንጁን የሚጠይቅልኝ ሰው ካለ ይጠይቅልኝ!" አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

ልሳነወርቅ ጠየቀለት። "በወዲያ በኩል ነው ይላል።"

"ታዲያ ያምጣዋ!"

"ያላየሁትን አልሥልም ይላል።" ልሳነወርቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ሁለተኛውን ዓይን ከፈለግህ ወደዚህ መዞር ነው። እኔም ያለሁት እዚሁ ነው።"

ምን ያድርግ? ለስሙ ሲል እያጉረመረመ ዞረ። መጀመሪያ አፈጠጠ። ቆይቶ ግን የወንድሙን ጸጉር አየ።

"አንተ፣ መቼ ሸበትህ?"

"አንተ መስኮት ስታይ!"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሠዓሊው "አትንቀሳቀሱ!" እያለ ቢቆጣ ማን ሰምቶት? ያየውን ሣለዋ! ሁለት ዓይን፣ ሁለቱም እንባ ያቀረሩ።

እናንተስ? "ሰው ክፉ አድርጎ ሣለኝ" ትላላችሁ። ፊታችሁን ማን አዞረው? ወንድማችሁ በስንት ዓመቱ እንደሸበተ ታውቃላችሁ? እኅታችሁ ታማ እንደነበር ሰምታችኋል?

አሁን ቅዳሴ አልቋል። ያ የተኳረፋችሁት ሰው በሰሜኑ በር ሊወጣ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ የደቡቡን በር ስታማትሩ እያየኋችሁ ነው። ተዉ፣ ልጆቼ። ዛሬ ከእሱ ጋር ውጡ።