የማይሞቱት የእድር አባል

ባለሀብቱ አቶ ልሳነወርቅ ውጭ አገር ሰንብተው ሲመለሱ፣ ሰውን ከሞት የሚያስጥል መሣሪያ ሊሠራ ጥቂት እንደቀረው ሰምተው መጡ። በእሑዱ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሡና፣ "ከእንግዲህ ስለማልሞት ቀባሪ አያስፈልገኝም፤ ስሜን ሰርዙልኝ። እድር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? መልስ ያለው ይናገር" አሉ።

ሰብሳቢው ስማቸውን ሊሰርዙ መዝገቡን ገለጡ። ይህን ጊዜ ቀብር ሲኖር ሰፈሩን የሚጠራው ጥሩንባ ነፊ ከኋላ ተነሣ።

"ጌታዬ፣ እንዳሉት ይሁን። እኛ ግን ያው ሟቾች ነን። ተራ በተራ ስናልቅ የመጨረሻውን ሰው ማን ይቀብረዋል እያልን ስንጨነቅ ኖረናል። አሁን እርስዎን አግኝተን እንዴት እንልቀቅዎት?"

አቶ ልሳነወርቅ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

"ሁላችሁንም እኔ ብቻዬን?" አሉ ቀስ ብለው። "በሉ ስሜ ይቆይ።"