ትርሲት ያጸዳችው ኢሜይል

በእኛ ከተማ አዲስ ሹም መጥቶ የቢሮ ዕቃ ማገላበጥ በጀመረ ቁጥር፣ ሰው ፈገግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። እሷ ግን የተወለደችው በቅርቡ፣ በጤና ጣቢያችን መዝገብ ቤት፣ ኮምፒውተር ፊት ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወይዘሮ ውድነሽ ጡረታ ሲወጡ ትርሲት ተተካች። ትርሲት የተዘበራረቀ ነገር ካየች እጇ አርፎ የማይቀመጥላት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ፋይሉን በየቀለሙ ለይታ ስታበቃ ኢሜይሉን ከፈተች። የመሣሪያ አሞሌ የሚሉት የላይኛው ረድፍ በትንንሽ ምልክቶች ተጨናንቋል። ማስተካከያውን አገኘችና አንዱን ወዲህ ሌላውን ወዲያ እየጎተተች ደረደረቻቸው፤ አያስፈልጉም ያለቻቸውን ደግሞ ከረድፉ አወረደች። ከወረዱት መካከል ቀስት ያለባት የፖስታ ምልክት ነበረች። መልእክት መቼም በራሱ ጊዜ ይመጣል ብላ ነው። በመጨረሻ አምስት ብቻ ቀሩ። አምሮ ታያት፣ ደስ አላት።

በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊው ጋሽ ደረሰ በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። የስምንት ዓመት ልጃቸው በላይነሽ ልቧን ታማለች፤ ትንሽ ዳገት ከወጣች ትንፋሽ ያጥራታል። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉላት ስሟ ተመዝግቦ፣ ቀጠሮው በኢሜይል እንደሚላክ ተነግሯቸዋል። ትርሲት በመጡ ቁጥር የመልእክት ሣጥኑን ታያለች፤ አዲስ ነገር የለም። ገና ነው ትላቸዋለች። ማክሰኞም ገና፣ ረቡዕም ገና።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደረሰ ሳይጠይቁ፣ በሩ ላይ ቆመው ፊቷን ብቻ አይተው ተመለሱ። ያን ጊዜ ትርሲት የመልእክት ሣጥኑን እንደገና ከፈተች። የበላይነሽስ ይሁን፣ ከዞን በየቀኑ የሚዘንበው የሰርኩላር ደብዳቤ እንኳ የት ገባ? ነገሩ ስላላማራት ወይዘሮ ውድነሽን ከቤታቸው ለምና አመጣቻቸው።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩና፣ "መልእክት ማምጫዋን የት አደረግሻት?" አሉ።

ትርሲት ያቺን ቀስት ያለባት የፖስታ ምልክት ከረድፉ እንዳወረደቻት ነገረቻቸው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መልእክት በራሱ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ኖሯል፤ ያቺን ምልክት ካልነኩ አንድም ደብዳቤ አይገባም። ቶሎ ብላ ማስተካከያውን ከፈተች፤ ምልክቷን ከተጣሉት መካከል ፈልጋ ወደ ረድፉ መለሰቻትና ነካቻት። አሥራ ዘጠኝ መልእክት ተግተልትሎ ገባ። አንዱ ሰኞ ከሰዓት የተላከው የበላይነሽ ቀጠሮ ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕ ትቅረብ ይላል፤ እስከዚህ ሳምንት ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ መምጣቷ ካልተረጋገጠ ግን ተራው ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኖ ነበር።

ትርሲት መልሱን ጽፋ ላከች። ከዚያ ያቺን ምልክት ደጋግማ ትነካ ጀመር። በአራተኛው፣ ደርሶናል፣ ልጅቱን እንጠብቃታለን የሚል አጭር መልስ ገባ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ እንባዋም መጣ። ወይዘሮ ውድነሽ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት።

ወዲያው ተነሥታ ወደ ልብስ ስፌቱ ሮጠች። ቀኑን ለጋሽ ደረሰ ነገረቻቸው፤ የራሷን ጥፋትም አልደበቀችም። እሳቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ትርሲት ቁጣ ስትጠብቅ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው እንድትቀመጥ ዱካ ሳቡላት። ልጃቸው ተራዋን አለማጣቷ እንደሚበቃቸው፣ በእሷም ቂም እንደማይዙ ነገሯት።

"ብቻ ልጄ፣" አሉ ጋሽ ደረሰ፣ "ቤት ሲያሳምሩ በሩን አይደፍኑም።"