የተደፋው የሠርግ ጠላ

አንድ በገብሱ የሚኮራ ገበሬ ነበር፤ ደርሰህ ይባላል። አገሩ ብርዳማ ደጋ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ረዘመ፤ ሲናር የሚሉት አረም ማሳውን ወረረው። ያም ሆኖ ጎተራው ስለሞላ ደርሰህ ደስ አለው። ልጁን ትርንጎን ሊድር ነበርና ከአዲሱ ገብስ ጠላ አስጠመቀ፣ ዱቄት አስፈጨ፣ አገር ምድሩን ጠራ።

ሠርጉ ሲቃረብ የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ድግሱን ሊያግዙ መጡ። ሴቶቹ ገብስ ሲለቅሙ እሳቸውም ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ። ገና ነቅነቅ እንዳደረጉት እጃቸው ቆመ። በገብሱ መካከል የአይጥ ኩስ የሚመስሉ፣ ረዘም ያሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ነበሩ።

«ከዚህ ገብስ የበላ ሰው አለ?» ሲሉ ትርንጎን ጠየቋት።

«እኛ ገና የአምናውን አልጨረስንም። አጎቴ አዳሙ ግን ከታጨደ ጀምሮ በሶውን ይበላል።»

«ደህና ነው?»

«እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል ይላል። ብርድ ነው ብለነው ነበር። ከገብሱ ተለይቶ የወጣውን ግርድ የሰጠናት ላምም ጽንሷ ጨነገፈባት።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወዲያው ደርሰህን አስጠሩትና ገብሱ መርዝ እንዳለበት ነገሩት። ደርሰህ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እሜቴ፣ ድግሴን ሊያግዙ ነው ወይስ ገብሴን ሊነቅፉ የመጡት?»

እሳቸው አልተቆጡም። ጫማቸውን አውልቀው ግራ እግራቸውን አሳዩት። ጣቶቹ የሉም።

«ልጅ ሳለሁ በእኛም አገር እንዲህ ያለ ፍሬ በላን። እርግማን ነው እየተባባልን እርስ በርስ ስንካሰስ ከረምን። በኋላ ሐኪሞች መጥተው፣ ጥቁሩ ነገር እህል አይደለም፣ በሲናሩ ዛላ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው፣ የደም ሥርን ያጠባል አሉን። ለእኔ እግር ዘግይተው ነበር። ለእናንተ ግን ጊዜ አለ።»

ደርሰህ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ጋኖቹ ሞልተዋል፤ እንግዳ ተጠርቷል። ጠላ የሌለው ሠርግ ደግሼ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ትርንጎ ቀረብ አለችው። «አባዬ፣ በእኔ ሠርግ ጠጥቶ እግሩን የሚያጣ ሰው ከሚኖር፣ ሁሉም ውሃ ጠጥቶ ይጨፍር!»

ደርሰህ ልጁን አይቶ ሳቀ። ብድግ ብሎም ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከብትም ውሻም እንዳይደርስበት ጠላውንና ዱቄቱን እዚያ ደፍቶ አፈር አለበሰው። አዳሙን በበቅሎ አስቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያ ላከው።

የሠርጉ ቀን ደርሰህ በዳሱ መካከል ቆሞ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ የባቄላው ንፍሮ፣ ድንችና ከቀፎ የተቆረጠው ማር ቀረበ፤ ብርዙ በየዋንጫው ተቀዳ። ጠላ ወዳድ የሆነ አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ላይ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ድንገት ተነሥቶ እንዲህ እያለ ያዘፍን ጀመር፦

«ጠላ ልንጠጣ ብለን መጣን ገስግሰን፣
የሙሽሪት አባት ማር በጥብጦ አራሰን!»

ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። መርዙን ቶሎ በመተዉ እግሩ ሊሞቅለት የጀመረው አዳሙም መድኃኒቱን ይዞ ደረሰ፤ አትነሣ ቢሉት ከተቀመጠበት በትከሻው ጨፈረ። እንደዚያ ቀን የተጨፈረበት ሠርግ በአገሩ አልታየም ይላሉ።

ከሠርጉ በኋላ ጎረቤቶች ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ እየተሸከሙ መጡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንቁላል እስኪንሳፈፍ ድረስ ውሃ ውስጥ ጨው አሟሙተው ገብሱን ጨመሩበት። ጥቁሩ ፍሬ ወደ ላይ ወጣ፤ ገፈፉት። ደህናው ገብስ ታጥቦ ደረቀ። በተከታዩ ክረምትም አገሬው በደቦ ወጥቶ ሲናሩን ዛላ ሳያወጣ ነቀለው፤ የደርሰህም ማሳ ሻጋታው ዳግም እንዳይበቅልበት ባቄላ ተዘራበት።

ወዳጆቼ፣ መርዙ በገብሱ ውስጥ መገኘቱ የደርሰህ ጥፋት አልነበረም። አውቆ ቢያቀርበው ግን ጥፋቱ የእሱ ይሆን ነበር። ሰው ፊት ማፈር ያልፋል፤ በሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት ግን ላይመለስ ይችላል። ጉድለታችንን የሚነግረንም ሁሉ ጠላታችን አይደለም፤ አንዳንዱ እሱን ያገኘው ጉዳት እኛን እንዳያገኘን የሚሳሳልን ነው።

እርስዎ በደርሰህ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?