አሸናፊ የማትስተው ወረዳ

አንዲት የወንዝ ማዶ ወረዳ ነበረች፤ እሷ የመረጠችው ሰው ክልሉን ሁሉ ሳያሸንፍ ቀርቶ አያውቅም። ድልድይ እሠራላችኋለሁ እያሉ ሁለት ጊዜ የተመረጡት የክልሉ ሹም፣ ሦስተኛው ምርጫ ሲቃረብ መጡ። ድልድዩ አልተሠራምና ሰው በጀርባው የሚያሻግረው ጎልማሳ አዘላቸው። ሁለቱንም ጊዜ ድምፁን የሰጠው ለእሳቸው ስለነበር በራሱ እየሳቀ ወንዙ ውስጥ ገባ።

መሀል ላይ ሲደርሱ ሹሙ፣ «አሸናፊውን ሁልጊዜ እንዴት ነው የምታውቁት?» አሉት።

«የምናውቀው ነገር የለም ጌታዬ። እኛ በየምርጫው እንሳሳታለን፤ ክልሉም አብሮን ይሳሳታል።»

ሹሙ አንገቱን ጨምቀው ያዙ። «ዘንድሮስ ማንን ልትመርጡ ነው? እውነቱን ካልነገርከኝ ስንሻገር ታገኛታለህ» አሉት።

አሻጋሪው ሸክሙን ወደ ላይ አስተካከለና፣ «አይስጉ ጌታዬ፤ እኛ እንደሆንን ከስሕተታችን አንማርም። የምንማር ብንሆን ኖሮ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» አላቸው።