ሙት የሌለበት ቀብር

ፈንታው፣ አሰላሙ አለይኩም። ስትደውል ያላነሳሁት ተናድጄ አይደለም። ማለቴ ተናድጃለሁ፣ ግን ባንተ አይደለም። ደንግጬ ነው ወላሂ! ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። ረዘመ ብለህ ድምፁን መሀል ላይ እንዳትዘጋው፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

መስጊድ ውስጥ ሸሆቹ ሲያወጉን እንዴት ነው የሚጀምሩት? «ስሙን ማንሳት በማያስፈልግ አገር አንድ አላህን የሚፈሩ ሽማግሌ ነበሩ» ብለው አይደል? እኛ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈን «እንዲህ ያለ ሰው ድሮ ቀረ» እንላለን። በቃ እኔም እንደዛ ልጀምርልህ። ድሮ የነጋዴ ማረፊያ በነበረች፣ ዛሬ ፍየል በሚውልባት አሮጌ ከተማ ጥግ አንድ ሽማግሌ አሉ። ነበሩ አላልኩህም፣ አሉ! ይኸው ከጎን ክፍል ሲያስሉ ይሰማኛል። አያቴ ናቸው፣ ሸህ ቡሽራ።

ጋራዡን ትቼ ለምን አገር ቤት እንደገባሁ ታውቃለህ። አባባ ከቤታቸው በላይ ያለችውን ሜዳ «ቤትህን ሥራባት፣ አግባባት» ብለው ሰጡኝ። የእጮኛዬ የረውዳ አባት ደግሞ «ቆርቆሮው ሳይመታ ኒካህ የለም» ብለዋል። ሌላው መሬታችን ወይ ገደል ነው፣ ወይ ቦረቦር ነው። ቤት የምታቆም ያቺው አንዷ ሜዳ ናት።

ባለፈው ሳምንት እሁድ የመብራት ሰዎች መጡልህ። እኛ ሰፈር መብራት ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ላይ ሰፈር ግን የለም። ስልክ ለመሙላት እንኳ ቁልቁል እኛ ጋ ነው የሚወርዱት። አሁን መስመሩ ሊወጣላቸው ነው። በየት በኩል? በኔ ሜዳ! ችካላቸውን መሀሏ ላይ ቸከሉት። ኢንጂነሩ ቀይ ቆብ ያደረገ ትሁት ልጅ ነው፤ «ከሽቦው ሥር ጤፍም ሽንብራም መዝራት ይቻላል፤ ቤት ግን አይሠራም» አለኝ። ባለመሬቱ ከፈቀደ ቅዳሜ መጥተው ሊያስፈርሙ።

አሁን ደሜ እንዴት እንደፈላ ልንገርህ። ላይ ሰፈር ማለት እኮ አበጋዝ ማለት ነው! በዛ በድርቁ ዓመት ወደ ምንጩ የሚወስደውን የከብት መንገድ በእሾህ ያጠረብን። «መሬቴ ነው፣ አላሳልፍም» ብሎ። አባባ ሦስቴ ሽማግሌ ላኩበት፣ እምቢ አለ። ከብቱ በገደሉ ዙሪያ ግማሽ ቀን እየሄደ ውሃ ሲጠጣ ዳለቻ፣ እኔን በወተቷ ያሳደገችኝ ላም፣ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። ለውሃ መንገድ የከለከለ ሰው ለመብራት መንገድ ሊሰጠው? በኔ ቤት? በኔ ሠርግ?

ለኢንጂነሩ «ሌላ መንገድ የለም?» አልኩት። ልጁ ክፉም አላሰበ፣ «ቀብርና መስጊድ ካጋጠመን ብቻ ነው የምንዞረው» አለኝ።

በዛች ሰከንድ ሸይጧን ትከሻዬ ላይ ቁጢጥ አለ።

ማክሰኞ ሰው ሁሉ ገበያ ወረደ። እኔ ከችካሉ አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ መሀል ገብቼ ድንጋይ መቆለል ጀመርኩ። ሽበት ያወጣ፣ ያረጀ የሚመስል ድንጋይ እየመረጥኩ። ርዝመቱ የሰው ልክ፣ አቅጣጫው ሳይቀር በቂብላው! የአላህን ቤት አቅጣጫ ለውሸቴ ለካሁበት እኮ ፈንታው። ለራስጌው የሚሆን አጣሁና ከጓሮ፣ ከውሃ በርሜሉ ሥር፣ አንድ ዝርግ፣ መሀሉ ሰርጎድ ያለ ነጭ ድንጋይ አንስቼ አቆምኩ። ድንጋይ ነው፣ ምን ልበለው? ከዛ ቁጥቋጦውን መነጠርኩና «ኧረ ቀብር አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ለአባባም ነገርኳቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከመስጊድ ውጭ ብዙም አይወጡም። መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«በዓይንህ አየኸው?»

«በዓይኔ አየሁት አባባ።»

«አላህ ሐቁን ያውጣው» አሉኝና ተስቢሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ዱዓ መሰለኝ፣ «አሚን!» አልኩ። ጅል!

እንግዲህ ድንጋዩ የኔ ነው፣ ወሬው ግን የኔ መሆን አቆመ። ረቡዕ አንዱ «ከሐረር የመጡ ወሊ ናቸው፣ የአላህ ወዳጅ» አለ። ሐሙስ ሌላው «አያቴ ነግሮኝ ነበር» አለ። ነግሮኝ ነበር! እኔ ማክሰኞ የቆለልኩትን! ጁምዓ ከስግደት በኋላ ሴቶቹ ለዚያራ፣ ቀብሩን ሊሳለሙ፣ መውጣት ጀመሩ። አረንጓዴ ጨርቅ አሰሩበት። እኔ ሳቄ እየመጣ፣ ደግሞ እየፈራሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ። በዛ ሰሞን አባባ ለሶላት ከጓሮ ሲገቡ እግራቸው ጭቃ ነው። ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሲመጡ ማለቴ ነው። ገብተው እንደገና በጣሳ ይለቃለቃሉ። «አባባ እርጅና ተጫጫናቸው» ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመብራት ሰዎች መጡ። ላይ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወርዷል፣ እኛም አለን። ኢንጂነሩ ድንጋዩን አየና ቆቡን አወለቀ። ክርስቲያን ነው፣ ግን አከበረ።

«በቀብር ላይ አናልፍም» አለ። «በገደሉ እንዳንዞር ደግሞ የመጣልን ምሰሶ አይበቃም። ለሚቀጥለው በጀት መጠየቅ ነው ያለብን። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም።»

ላይ ሰፈር እንዳለ «ኧ!» አለ። አንዱ የጤና ኬላቸውን አነሳ፤ ሴቶች በስልክ ባትሪ እየወለዱ ነው አለ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ ወላሂ። እኔ ያየሁት አበጋዝን ብቻ ነው።

አባባ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ወጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኙት እማ ዘይባን ነው። እማ ዘይባ ማለት ልጇ ወደ ሳውዲ ብሎ በባህር ከሄደ ጀምሮ ድምፁ የጠፋባት፣ ያቺ ከላይ ሰፈር ያለችው ባልቴት። አንድ ቅል ወተት ይዛ መጥታ ድንጋዩ ላይ አፍስሳዋለች። ያላት አንድ ላም ናት እኮ! ዞር አለችና የአባባን እጅ ሳመች።

«ሸህዬ፣ እኒህ ወሊ ስማቸው ማነው? ለልጄ ስለት ተስያለሁ። ስማቸውን ይንገሩኝና በስማቸው ልጥራቸው።»

አባባን እንደዛ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወተቱን አዩ። ከዛ ነጩን ድንጋይ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዛ ወደኔ... የለም፣ ወደኔ አላዩም! እሱ ነው የገደለኝ። ሺህ ሰው መሀል ዓይናቸው እኔን ዘሎ አለፈ።

አበጋዝ አላስቻለውም። ወደፊት ወጣ።

«ሸህዬ! እኔ በውሃ መንገድ ከልክዬዎታለሁ። አልክድም። እርስዎም ዛሬ ይከልክሉኝ፣ ሐቅዎ ነው። አይሆንም ይበሉኝና አንገቴን ደፍቼ ልመለስ። ግን በሙት አይከልክሉኝ! ይሄ ሙት ድንጋይ የወጣለት የርስዎ ልጅ ቤት ሊሠራ ሲል ነው!»

«አንተ ምላስህን ሰብስብ!» ብዬ ዘለልኩበት። አንገቱን ልይዘው ነበር። ጥፋተኛው እኔ፣ ተናዳጁም እኔ! አባባ ምርኩዛቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ፣ እኔን ሳያዩ።

«አበጋዝ ልክ ነው» አሉ።



«ዘይባ፣ እዚህ ውስጥ የሚሰማሽ የለም። ልጅሽን የፈጠረው አላህ ነው፣ የት እንዳለም የሚያውቀው እሱ ነው። ያለ አማላጅ እሱን ጥሪው። ወተትሽን እኔ እተካለሁ።» ቀጥለው ወደ ጀመዓው፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው፣ ዞሩ። «እዚህ የተቀበረ ሰው የለም። መሬቱ የኔ ነው፤ በመሬቴ ላይ የቆመ ውሸትም የኔ ነው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ክው አልኩልህ! ሰባ ዓመት በሐቅ የኖረ ሰው፣ አገር የሚያስታርቅ ሰው፣ እኛ ሰፈር ሁሉ በሱ ስም የሚምል ሰው፣ ውሸታም ተብሎ ቆመ። አንዷ «ሸህ ቡሽራ? ሸህ ቡሽራ!» ስትል ሰማሁ። አንዱ «አዪ ሽምግልና» ብሎ ሳቀ። እኔ አፌ ተለጉሟል። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው እኮ! ለጠብ ሲሆን አንድ ሰፈር የሚያደነቁር አፍ ሁለት ቃል አጣ።

አባባ ምርኩዛቸውን ጣሉና በዛ በማይታጠፍ ጉልበታቸው ተንበርክከው ድንጋዩን ማንሳት ጀመሩ። አንድ፣ አንድ። ኢንጂነሩ «አባቴ ይተዉ፣ እኛ እናነሳዋለን» ቢላቸው እምቢ። ማን መጥቶ ጎናቸው ተንበረከከ መሰለህ? አበጋዝ! ያነሳል፣ ወደ ዳር ያስቀምጣል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ነጩ ድንጋይ በነበረበት ጉድጓድ ላይ አዲሱ ችካል ተተከለ። አባባ ወረቀቱን አስነበቡ፣ «መስመሩ ይለፍ፣ እኔም ልጆቼም አንከለክልም» ይላል፤ ፈረሙ። ሰዉ ተበተነ። ነጩን ድንጋይ በደረታቸው አቅፈው ቁልቁል ሲወርዱ ተከተልኳቸው። ጓሮ ገቡ። በርሜሉ ሥር፣ ያ ጭቃ የሆነ ቦታ ላይ መልሰው አነጠፉት። ጫማቸውን አወለቁና ወጡበት፤ ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት፣ ውዱእ ሊያደርጉ።

ያኔ ነው የገባኝ ፈንታው! ድንጋዩ የውዱእ ድንጋያቸው ነው! መሀሉ የተሰረጎደው በሳቸው ተረከዝ ነው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ጭቃ ላይ ቆመው ውዱእ ሲያደርጉ ድንጋዩ የት እንደሄደ ገብቷቸዋል። ቀብሩን ሄደው ያላዩት ጉልበታቸው ስላመማቸው ብቻ አይደለም። ራሴ እስክመልሰው እየጠበቁኝ ነበር!

«አባባ ልያዝልዎት፣ ከብዶዎታል» አልኳቸው፤ ድንጋዩ እኮ መሬት ተቀምጧል፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።

ውሃውን እያፈሰሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ድንጋዩስ ቀላል ነው ልጄ» አሉኝ። «ብቻዬን ያልቻልኩት ውሸቱን ነው።»

በቃ። ሌላ ቃል የለም። አልተቆጡም፣ አልመከሩም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር!

ሸሆቹ ታሪኩን ሲጨርሱ «ከዚህ የምንማረው» ይሉ የለ? እኔ ለሰው የማስተምረው ነገር የለኝም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ቃል ሳመነዥክ ነው የዋልኩት። መጀመሪያ ሰብር፣ ትዕግስት፣ ዝም ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። አባባ ዝም ያሉት ለኔ የተውበት፣ የመጸጸቻ በር ከፍተው ነው፤ በሩን እኔ ስዘጋው ሐቁን ተናገሩ፣ ጥፋቱን ግን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። መንገድ መስጠት ማለት ለሽቦ ብቻ አይደለም ለካ። ለአበጋዝ መመለሻ መንገድ ሰጡት፤ ዛሬ ጠዋት አጥሩን ነቅሎ ከብቶቻችንን ራሱ እየነዳ ምንጩ ድረስ ወሰዳቸው። ለኔም ሰጡኝ። «ብቻዬን» አሉ እኮ! በአንድ በኩል እሳቸው ይዘውታል፣ በሌላው በኩል የኔ እጅ ይጠበቃል።

የረውዳ አባት ወሬውን ሰምተዋል። ቤቱ የት እንደሚቆም አላህ ያውቃል፣ ረውዳ ስትሰማ ምን እንደምትለኝም እሱ ያውቃል። መጪው ጁምዓ ከስግደት በኋላ ተነስቼ እናገራለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ አፌ እንደገና ቢለጎምስ? ስለዚህ ይሄን ድምፅ አሁኑኑ ለጀመዓው ግሩፕ ላክልኝ። ላይ ሰፈር ያሉትም ይስሙት፣ እማ ዘይባም ትስማው። ቀብሩን የቆለልኩት እኔ ነኝ። ሸህ ቡሽራ አይደሉም። እኔ ነኝ።