ግጥም ተቀባዩ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ያን ኡኩሌሌ የሚሉትን ሚጢጢ ጊታር ታቅፎ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍነውን ሰውዬ አገር ሁሉ ጠልቶታል፤ እርስዎ ስለ ምን ይከራከሩለታል?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ስማኝ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ክራር መቺ ነው። ክራሩ ከመዳፉ ብዙም አይበልጥም። ድምፁ ቀጭን፣ ጸጉሩ ላይ አበባ የሚሰካ፣ መንገድ ላይ ብቻውን የሚስቅ። ሰው አይወደውም ነበር። ሰርግ የሚጠሩትም ሊስቁበት ነው። እንደምታውቀው ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙም የተሰጠውን ተቀብሎ ማዜም አለበት። እሱም በራሱ ላይ የተሰጠውን ስድብ ሁሉ አንድ ቃል ሳያጎድል ይቀበል ነበር።

በዚያው አገር ምላሱ ምላጭ የሆነ ገበሬ ነበረ። ግጥም ሊሰጥ ሲነሳ ሰው ከወዲሁ ሆዱን ይይዛል። አንድ ሰርግ ላይ ብድግ አለና፣

«ተቀበል!
ክራሬ የጣት ልክ፣ ድምፄ የድመት ልጅ፣
ምን በድላችሁ ነው የጣለኝ ከዚህ ደጅ» አለ።

ክራር መቺው ፈገግ ብሎ ተቀበለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ ገበሬውም ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

በነሐሴ የገበሬውን አንድያ ልጅ፣ ለጥር ሊድረው ያጨለትን፣ ወንዝ ወሰደው። ወይ አበሳ! ገበሬው ግን አላለቀሰም። ደረቱን ሳይመታ፣ እህል ውሃ ሳይል፣ ዓይኑ ደርቆ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሚስቱ እግሩ ላይ ወድቃ፣ «አልቅስ እንጂ! እሱን ቀብሬ አንተን ልድገም?» አለችው። በሰርጉ አብረውት የሳቁት መጡ፤ «እግዜር ያጽናህ» አሉ፤ ንፍሯቸውን ቆረጠሙና ሄዱ።

በሰልስቱ ክራር መቺው ባዶ እጁን መጣ፤ ለቅሶ ቤት ክራር አይገባማ። ደጅ የቆሙት «ዞር በል፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም» አሉት። እሱ ግን ሾልኮ ገባና ገበሬው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ዛሬም ይስጡኝ፤ እቀበላለሁ» አለ።

ገበሬው ቀና ብሎ አየው። እንዲህም ሲል ሰጠው፦

«ለሰርግህ ያሰብኩት ድንኳን ተተከለ፣
እንግዳውም ሞላ፣ ሙሽራው የት አለ?»

ክራር መቺው በዚያው በሚሳቅበት ድምፅ ተቀበለው። ቀጭኑ ድምፅ ልጅ አባቱን የሚጣራ ይመስል ነበር። ገበሬው «ልጄን!» ብሎ ጮኸ፤ እንባውም ወረደ። በዚያ እንባ ከሞት ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ ገበሬው ተሳልቆበት አያውቅም። ሌሎቹ ግን አልተዉትም። ገበሬውም «ተዉት» ማለት አፈረ፤ ከሰው ላለመለየት በየሰርጉ አጎንብሶ ዝም ይል ነበር። ክራር መቺው ሲሞት የቀበረው ጥቂት ሰው ነው። ገበሬው አፈሩ ላይ ቆሞ «ተቀበል!» አለ፤ ግጥሙንም ሰጠ። የሚቀበል ግን አልነበረም።

አየህ ልጄ፣ ያ ባለ ሚጢጢ ጊታርም እንዲሁ ነው። ያንተንም የአገሩንም ስድብ ሳይመልስ ይቀበላል። እስካሁን የሰጠኸው ስድብ ብቻ ስለሆነ ሌላ መቀበል የሚችል አልመሰለህም። ገበሬውስ ለማለት ያፈራትን አንዲቷን ቃል መቃብር ድረስ ተሸክሟት ሄደ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይዣት መሄድ አልፈልግም። ሰውዬው በሕይወት ሳለ እላታለሁ፦ ተዉት።