የአለቤ ቀፎና የየሻረግ ልጅ

ድሮ ድሮ፣ ስሙን ወንዝ ይዞት በሄደ አገር፣ አለቤ የሚባል ስስታም ንብ አርቢ ነበር። ባዶ ቀፎውን በወይራ ጭስ ያጥንና ከጎረቤት ደጅ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። የሰው ንብ ሽታው ስቦት ሲገባለት ቀፎውን አውርዶ ወደ ቤቱ ነው።

ጎረቤቱ አባ ደምለው ሦስት ጊዜ ንባቸው ሄደባቸውና ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ፊት አቆሙት። አለቤ ሦስቱንም ጊዜ፣ «ከቀፎዬ የገባ የኔ ነው፤ ከየት መጣህ ብዬ አልጠይቀውም» አለ። የአገሩ ደንብ እንዲያ ነበርና ረታ።

አንድ ዓመት ማር ሊቆርጥ ቆላ ወርዶ ወባ ጣለውና ሁለት ክረምት እዚያው ቀረ። ሲመለስ ሚስቱ የሻረግ የሦስት ወር ሴት ልጅ ታጠባለች።

«የማን ናት?» አላት።

«የመንገደኛ ነጋዴ። ሄዷል፣ አይመለስም። ሞተሃል ብለውኝ ነበር፤ ቢሆንም አጥፍቻለሁ። እኔን አባረኝ። እሷን ግን ተዋት፤ ደረቴን ታምሜያለሁ፣ ብዙ አልከርምም።»

«አዝለሻት ውጪ።»

ተፋቱ። የሻረግ ከሰፈሩ ዳር ካለች ባዶ ጎጆ ገባች። በወሩ ሞተች። ቀባሪ ሲደርስ ሕፃኗ የቀዘቀዘ ጡት ይዛ ነበር።

አባ ደምለው ሕፃኗን ታቅፈው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። «አለቤ፣ ይቺ ከማን ቤት ተወለደች?» አሉት።

«ከቤቴ። ዘሯ ግን የኔ አይደለም፤ ከየት እንደመጣች ይጠየቅ።»

«እንግዲያው ስለ ንቤም ይጠየቅ። ወይ ሦስቱን ቀፎ ንብ መልስ፣ ወይ ልጅቷን ውሰድ።»

አለቤ ቀፎዎቹን አሰበና እጁን ዘረጋ። ለማሩ ብሎ እንጂ ለእሷ አዝኖ አይደለም፤ ምን ብዬ እዋሻችኋለሁ? ስም እንኳ ሳያወጣላት «አንቺ» እያለ አሳደጋት።

ከዓመታት በኋላ ድርቅ ገባ፣ አበባ ጠፋ። ንቡ ሁሉ በአንድ ቀን ነቅሎ ሄደ። የአለቤም ዓይን ጠፍቶ ነበር፤ ባዶውን ቀፎ በእጁ እየዳበሰ፣ «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ» አላት።

«የት እሄዳለሁ አባባ? ቤቴ እኮ ነው።»

ያን ቀን አለቤ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በእጇ ተመርቶ ከየሻረግ መቃብር ሄደና ተንበረከከ። «የሻረግ፣ ልጃችንን ይዣት መጣሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው እንዲህ ይላል፦ ንቡን «የኔ» ያለ አፍ፣ ልጁን «የማን» አይልም።